መፈክር ሲባል የሚያጉረመርም ጊታር

ሞኝ ነኝ። ይሄን የምለው ትሑት ለመባል አይደለም፤ ሰፈር ሙሉ ምስክር አለኝ። ያደግኩት የማላውቀውን ዕቃ የመክፈት አመል ተጠናውቶኝ ነው። የአባቴን የግድግዳ ሰዓት "ለምን ወደ ኋላ ትቀራለች?" ብዬ ከፈትኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ቀርታ አታውቅም፤ ጭራሽ ቆመች። መልሼ ስገጥም ሦስት አራት ብሎን ከተረፈኝ "ፋብሪካው አብዝቶ ልኮ ነው" ብዬ ኪሴ እከታለሁ። የሰፈሩ ልጆች እናቴ ያወጣችልኝን ስም ትተው "ካቻቢቴ" ይሉኝ ነበር። ስድብ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ማዕረግ ቆጥሬው ደረቴን ነፍቼ "አቤት!" እል ነበር።

ሰዓት በመስበር ብቻ ብቀር ኖሮ ዛሬ ይሄን ጽፌ አላደክማችሁም። በዚሁ አመሌ ግን አንድ ጨዋ ሰው አሳስሬያለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ እናቴ ቤት። ማትሪክ ወድቄያለሁ፤ እናቴ ለጎረቤት "ውጤቱ ገና አልመጣም" እያለች ሁለት ዓመት ሸፍናልኛለች። ሥራዬ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር መምታትና በዘፈን መሀል ሰው ማሳቅ ነበር። ጊታር መምታት ስል አራት ኮርድ ነው የማውቀው፤ አራተኛውንም ሁልጊዜ አላገኘውም። በማሳቁ ግን አልታማም።

ኪነት ውስጥ መሆን ታዲያ በዚያን ጊዜ የዋዛ ነገር አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ አለ። እኩዮቼ አንድ በአንድ እየተጠሩ ሲሄዱ የኪነት ልጅ "ለቀበሌው ያስፈልጋል" ይባልና ስሙ ይታለፋል። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ከወደደህ ነው። ለዚህ ነው ሙዚቃ የማትወደው እናቴ ያንን ቀይ ጊታር ከእኔ በላይ ትጠነቀቅለት የነበረው። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

ጊታሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከምሥራቅ አውሮፓ በዕርዳታ የመጣ፣ ክብደቱ የበር መዝጊያ የሚያክል። ለአንድ ሰዓት ተሸክሜው ስቆም ግራ ትከሻዬ ወደ መሬት ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ "ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ የሚከብደው?" አልኩና ፊቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ፈታሁት። ከሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ የያዘ፣ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ተነጥፏል። አንዲት ቀጭን ሽቦ ተበይዳበታለች። ዞር ዞር አድርጌ አየሁት። አይጮህ፣ አይሽከረከር፣ ምንም አይሠራ። "ማሸጊያ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ሽቦዋን በጥሼ አወጣሁት፤ ጊታሩን ገጥሜ መታሁት፤ ደህና ነው። እንዲያውም የቀለለኝ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ሸለምጥማጥ እየገባ የእናቴን ዶሮ ይጨርስ ስለነበር፣ ቆርቆሮውን በመቀስ አስተካክዬ የዶሮ ቤቱ ቀዳዳ ላይ በሚስማር መታሁት። እናቴም መረቀችኝ።

በዚያው ሳምንት የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጡ አንድ ነገር ተቃጥሎ ጨሰ። ሣጥኑን ለጋሽ ሸምሱ ወሰድንለት። ጋሽ ሸምሱ አስፋልቱ ዳር በጣውላ ሱቅ ራዲዮ የሚጠግን የስልጤ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፤ መነጽሩን በጎማ ክር ጆሮው ላይ አስሮ፣ አንድ ራዲዮ ላይ ተደፍቶ ጠዋት ያየኸውን ሰው ከሰዓትም እዚያው ታገኘዋለህ። ሣጥኑን በሁለት ቀን ሠርቶ መለሰልን። አልተፈላሰፈበትም፤ "ውሃ እንዳይነካው" ብቻ አለ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ከፍቷል። አንዱ የሚያውቅ፣ አንዱ እኔ።

ለእሁድ ትልቅ ዝግጅት ነበረብን። ከከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ካለው አስተዳደር፣ ተወካይ መጥቶ ኪነታችንን ያያል ተብሏል። ሐሙስ ከሰዓት በአዳራሹ የመጨረሻ ልምምድ አደረግን፤ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ ንጉሤም ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ጓድ ንጉሤ ቀጭን፣ ሳፋሪ ለባሽ፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አንዴ ቀልድ ነግሬው "ይሄ የትኛውን መደብ ይመለከታል?" ብሎኛል።

ጓድ ንጉሤ ያወጣው አንድ ደንብ ነበር። መፈክር ሲባል መሣሪያ የያዘም ሰው ቢሆን እጁን ከመሣሪያው ላይ ያነሳል። ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ፣ ቀኝ እጅ ወደ ታች ቀጥ። "አብዮቱን እያወደሱ ክር መነካካት የለም!" ይል ነበር። በተራ ልምምድ ቀን መፈክር አንልም ነበርና ደንቡ የሚሠራው እሱ ሲኖር ነው።

መዝሙሩን ጨረስን። አሪፍ ነበር። ጓድ ንጉሤ ተነሳና ግራ እጁን ወደ ላይ ወረወረ።

"አብዮታዊት እናት ሀገር!"

እጃችንን ከመሣሪያው ላይ አንስተን "ወይም ሞት!" አልን።

"እምምምምምምም" አለ ሣጥኑ።

ጓድ ንጉሤ ወደ ሣጥኑ አየ። እኛም አየን።

"ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!"

"ይውደም!"

"እምምምምምምም።"

እጃችንን አወረድን። የእኔም እጅ እንደ ልማዱ ጊታሩ ክር ላይ አረፈ። ሣጥኑ ጸጥ አለ። ከጎኔ የቆመችው ዘፋኟ ፀሐይ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "ካቻቢቴ፣ ምን አድርገህ ነው?" አለችኝ።

"እኔ ምን አደረግኩ?"

ጓድ ንጉሤ ቀስ ብሎ መድረኩ ላይ ወጣ። "እንደገና" አለ። መፈክሩን አለ፤ እጃችንን አነሳን፤ ሣጥኑ አጉረመረመ። እጃችንን አወረድን፤ ዝም አለ። አምስት ጊዜ አደረግነው። አምስቱንም ጊዜ ልክ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ፣ ከጉሮሮው፣ "እምምም"። ከኋላ ከበሮ መቺው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲሞክር የባሰ ሳለ።

"ዘፈን ሲሆን ዝም ይላል" አለ ጓድ ንጉሤ። "መፈክር ሲሆን ያጉረመርማል። ይሄ እንግዲህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው ትሉኛላችሁ?"

ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ጊታሩ በእኔ ትከሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ከአፌ እስከ ዛሬ ልመልሰው የማልችለው ቃል የወጣው።

"ጓድ ንጉሤ፣ ሣጥኑ በቅርብ ነው ተጠግኖ የመጣው።"

"ማን ጠገነው?"

"ጋሽ ሸምሱ።"

ደብተሩን ከፈተ። "ሸምሱ። ራዲዮ ጠጋኙ። ስብሰባ ሲጠራ ሥራ አለብኝ እያለ የሚቀረው።" ጻፈ። ሲጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ከሣጥኑ ይበልጥ ይሰማኝ ነበር።

ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋሽ ሸምሱን ከነመነጽሩ ይዘውት መጡ። በአዳራሹ በር ሲያልፍ መበየጃው ከእጁ አልተለየም ነበር፤ ገና አልበረደም መሰለኝ ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ካለችው የእስረኛ ክፍል አስገቡት። ጓድ ንጉሤም አስታወቀን፤ እስከ እሁድ ይጣራል፤ አሻጥር ካልሆነ ይለቀቃል፣ አሻጥር ከሆነ ሰኞ ጠዋት ወደ ከፍተኛ ይተላለፋል። ያኔ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ "ተላለፈ" የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም።

አርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ከጥፋተኝነት ነው እንዳልላችሁ፤ ገና ጥፋቴ አልገባኝም ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሳያውቅ ያበላሸው ነገር ነው፣ አግኝቼ አስተካክልለትና ይፈታል ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ይሄ ራሱ ያስቃል፤ እኔ ለጋሽ ሸምሱ ላስተካክልለት!

ሶኬቱን ቀየርኩ፤ "እምምም"። መሰኪያውን ገልብጬ ሰካሁት፤ "እምምም"። የአዳራሹን ረጃጅም መብራቶች በሙሉ አጠፋሁ፤ ትንሽ ቀነሰ፣ ግን አለ። ሣጥኑን ከግድግዳው አርቄ መሀል አዳራሽ አደረግኩት፤ ወንበር ላይ ሰቀልኩት፤ በጋቢ ጠቀለልኩት። በጋቢ ለምን እንደጠቀለልኩት አትጠይቁኝ። ገመዱ ይሆናል ብዬ እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄጄ ከሌላ ቀበሌ ኪነት ገመድ ተውሼ መጣሁ። ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ፣ አቧራው ሲያስነጥሰኝ፣ ደርሼ ሰካሁት፤ እጄን አነሳሁ።

"እምምምምም።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲደክመው እንቅልፍ ይመጣል ይባላል፤ እኔን የመጣብኝ ግን ልቅሶ ነበር። በዚህ አያያዝ ጊታሩ ላይ ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ተነሳሁ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጋሽ ሸምሱ ወዳለባት ክፍል ሄድኩ። ጥበቃው የሰፈራችን ሰው ነው፤ "በመስኮት አምስት ደቂቃ፣ ጓድ ንጉሤ ምሳ ሄዷል" አለኝ። በፍርግርጉ ሳይ ጋሽ ሸምሱ ኮቱን መሬት ላይ አንጥፎ ይሰግዳል። አርብ ነዋ፤ መስጊድ መሄጃው ነበር። ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ኮቱን አራግፎ ለበሰና ወደ መስኮቱ መጣ።

"ጋሼ፣ አልቻልኩም። ሁሉንም ሞከርኩ።"

"አሰላሙ አለይኩም አይባልም እንዴ መጀመሪያ?" አለኝ። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። "በል ንገረኝ። መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?"

"መፈክር ሲባል።"

"ማሽን መፈክር አያውቅም ልጄ። መፈክር ሲባል አንተ ምን ታደርጋለህ?"

"እጄን አነሳለሁ።"

"ከየት ነው የምታነሳው?"

"ከ... ከክሩ ላይ።"

"ሂድ። አንድ ጣትህን ብቻ ክሩ ላይ አድርግና እይ።"

ግቢውን በሩጫ አቋርጬ አዳራሽ ገባሁ። አንድ ጣት፤ ዝም አለ። ጣቴን አነሳሁ፤ ጮኸ። ተመልሼ ነገርኩት። "አሁን ደግሞ ጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ መቀነሻ እስከ መጨረሻው አጥፋና እጅህን አንሳ" አለኝ። ሮጥኩ። ጸጥ አለ! ተመለስኩ። "ጊታሩን ይዘህ ዙር፣ ወደ በሩም ወደ መስኮቱም ፊትህን አዙር።" ሮጥኩ። ይለያያል። ተመለስኩ። ጥበቃው ቆጥሮ "አምስት ደቂቃው እኮ አንተ እየሮጥክ አለቀ" አለኝ፤ ግን አልከለከለኝም።

ጋሽ ሸምሱ ፍርግርጉን በአንድ እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ራዲዮ ሲያዳምጥ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

"ድምፁን ስትዘጋ ከጠፋ፣ ሣጥኑ ንጹሕ ነው። ችግሩ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ነው" አለ። "እኔ ጊታር ከፍቼ አላውቅም። ራዲዮ ላይ ግን አውቀዋለሁ። በየግድግዳው መብራት ያለበት ሽቦ አለ፣ እሱ በአየር ላይ ይጮሃል፤ እኛ አንሰማውም። ዕቃው ውስጥ ቆርቆሮ ይነጠፍና ያንን ጩኸት ይይዘዋል። ቆርቆሮው ከሌለ፣ የሚይዝለት ያንተ ሰውነት ነው። እጅህን ስታነሳ የሚከለክለው የለም።" ዓይኑን ገለጠ። "እዚያ ሆዱ ውስጥ ቆርቆሮ አለው?"

ወዳጆቼ፣ በዚያች ደቂቃ የዶሮ ቤቱ ፊቴ ላይ መጣ። ቆርቆሮው፣ ሚስማሮቹ፣ የእናቴ ምርቃት።

"የለውም ጋሼ።"

"ተነስቶ ነው፣ ወይስ ሲፈጠርም አልነበረውም?"

ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ልዋሽ ብል አሁን ይቀለኝ ነበር። ስለ ጋሽ ሸምሱ አላሰብኩም። ያሰብኩት የምልመላውን ዝርዝር ነው። "የመንግሥት ጊታር አበላሸ" ከተባልኩ ከኪነት እወጣለሁ፣ ከኪነት ከወጣሁ እሄዳለሁ። በቃ።

"ሲፈጠርም አልነበረውም" አልኩ።

አየኝ። ብዙ አየኝ። መነጽሩ ወፍራም ስለሆነ ዓይኑ ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ሰብስብ። ብልጭልጩ እርስ በርሱ እንዲነካካ አድርገህ ሆዱን አልብሰው፤ ጫፉን ከክሮቹ ሥር ካለው ሽቦ ጋር አገናኘው። እስከ እሁድ ያደርሳችኋል።"

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ እንደ እብድ መንገድ ለመንገድ ጎንበስ እያልኩ የተጣለ ፓኮ ለቀምኩ። ከየቡና ቤቱ፣ ከየጥበቃው፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው። ማጨስ እንኳ አላውቅም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ልጁ ጨርሶ ተበላሸ ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። ጊታሩን ከፍቼ እንደተባልኩት አለበስኩት፤ ገጠምኩት፤ ሰካሁት። እጄን አነሳሁ።

ጸጥ። ዝንብ ብትበር ይሰማል።

ጓድ ንጉሤን ጠራሁት። መጣ፤ መፈክሩን ብቻውን ጮኸ፤ እኔም ብቻዬን እጄን አውጥቼ መለስኩ። ሣጥኑ ትንፍሽ አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

"አያችሁ!" አለ፣ ከእኔ በቀር ሰው ባይኖርም። "ሰውዬውን ባስገባን በሁለተኛው ቀን ዝም አለ።"

"ጓድ ንጉሤ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስተካከልኩት።"

"ጎበዝ! እሱ ያበላሸውን አስተካከልክ። የሚስተካከል ነገር ነበር ማለት ነው እንግዲህ። ማስረጃ ይሄ ነው።"

"ችግሩ እኮ ከ..." አልኩና ቆምኩ። ከጊታሩ ነው ብል፣ ጊታሩን ማን ነካው ሊል ነው። አፌን ዘጋሁ። እሱ ቆሞ ሪፖርቱን ጻፈ፤ አሻጥር መሆኑ ተረጋግጧል፣ ሰኞ ይተላለፋል።

አያችሁልኝ? ላድነው ብዬ ያደረግኩት ነው ያስፈረደበት።

ከአዳራሹ ስወጣ የጋሽ ሸምሱን ሚስት እትዬ ራህመትን በር ላይ አገኘኋት። ስንቁን በፎጣ ቋጥራ ጥበቃው እስኪያስገባላት ቆማለች። ወሬው ደርሷታል።

"አንተ ነህ አሉ ያስተካከልከው?"

"አዎ እትዬ።"

"አላህ ይስጥህ የኔ ልጅ። ዛሬ ይፈቱታላ እንግዲህ?" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። መተላለፉን አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳትም። ቤት ገብቼ እናቴ ምሳ ስታቀርብልኝ አሞኛል ብዬ ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ዶሮዎቹ ውጭ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እስከ ሀና ማርያም ድረስ ካሉ የገበሬ ማኅበራት ሳይቀር ሰው ተጠርቶ መጥቷል። የከፍተኛው ተወካይ ወፍራም፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ጎልማሳ ነው፤ በዚያ ቀን ስንተኛውን ኪነት እንደሚያይ እንጃ፣ ወንበሩ ላይ እየሰመጠ ነበር። መክፈቻው ላይ መፈክር ተባለ። እጃችንን አነሳን። ሣጥኑ ጸጥ። ጓድ ንጉሤ ማይኩን ያዘና፣ "ጓዶች፣ በኪነት ቡድናችን ላይ አሻጥር ተሸርቦ ነበር፤ አሻጥረኛው ተጋልጧል!" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በመሀሉ ነጠላዋን ጥላ የቆመች አንዲት ሴት አላጨበጨበችም። እትዬ ራህመት ነበረች።

ሁለት ዘፈን ዘፈንን። ከዚያ የእኔ ማሳቂያ ሰዓት ደረሰ። ማይኩ ጋ ሄድኩ።

"ጓዶች፣ ዛሬ ቀልድ የለኝም" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"እውነቴን ነው። ቆርቆሮውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ባሰባቸው። ፊቴን እያዩ ነው የሚስቁት፤ እኔ እንደዚያ ፈርቼ ስለማላውቅ ፊቴ የቲያትር መስሏቸዋል። ተወካዩ እንኳ ነቃ አለ። ሰው ሕይወቱን በሙሉ ሲቀልድ ኖሮ አንድ ቀን እውነት ልናገር ሲል የሚያምነው እንደሌለ ያን ቀን አየሁ።

ምን ላድርግ? ጊታሩን ከትከሻዬ አውርጄ መድረኩ ላይ ተንበረከክሁ፤ ካቻቢቴዬን ከኪሴ አውጥቼ ብሎኖቹን ፈታሁ። የሲጋራውን ወረቀት አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ማውጣት ጀመርኩ። አንዱን ሳወጣ ይስቃሉ፣ ሁለተኛውን ሳወጣ ያጨበጭባሉ። አሥራ ምናምን ብልጭልጭ ወረቀት መድረኩ ላይ በተንኩ። ከዚያ ጊታሩን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ሁለቱንም እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ።

"እምምምምምምም።"

እጄን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ዝም። አነሳሁ። "እምምምም።" ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

"ጋሽ ሸምሱ ሣጥኑን ነው የሠራው፤ ሣጥኑ ደህና ነው" አልኩ። "ከጊታሩ ውስጥ ቆርቆሮ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሸጊያ መስሎኝ ነው። ይሄንን ወረቀት አድርግበት ብሎ ያስተማረኝም ራሱ ነው፣ በመስኮት።"

ጓድ ንጉሤ ወደ መድረኩ ሲዘል ተወካዩ እጁን አንስቶ አስቆመው። እየተነፈሰ ወጣና አጠገቤ ቆመ።

"ቆርቆሮው አሁን የት አለ?"

"እናቴ ዶሮ ቤት ላይ ነው፣ ጓድ።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ አመለጠው። ተወካዩ አልሳቀም። ጊታሩን ከእኔ ወስዶ ራሱ አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ሆዱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ መጫወቻ መሰለ። መዳፉን ክሩ ላይ ጫነ፤ ጸጥ አለ። መዳፉን አንስቶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አወጣ።

"እምምምምምም።"

ወደ ጓድ ንጉሤ ዞረ። "እኔም ልታሰር ነው ማለት ነው?" አለው።

ጓድ ንጉሤ ቀለሙ ጠፋ። "ጓድ፣ ሪፖርቱ..."

"ሪፖርቱን ቅደደው። ሰውዬውን አሁኑኑ ልቀቁት።" ጊታሩን መለሰልኝና ለጥበቃው በጣቱ አመለከተ። "ይሄኛውን አስገቡልኝ።"

በክፍሏ በር ላይ ተላለፍን፤ ጋሽ ሸምሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አለፈኝና መለስ ብሎ፣ "ካርቶኑን በመስኮቱ በኩል አድርገህ ተኛ፤ በበሩ በኩል ብርድ ይገባል" አለኝ። ሌላ አላለም።

ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። ከኪነትም ወጣሁ። የሚቀጥለው ምልመላ ሲመጣ ስሜ ተጠራ፤ እናቴ ያንን ቆርቆሮ ከዶሮ ቤቱ ነቅላ እያለቀሰች ቀበሌ ድረስ ይዛላቸው ሄዳ ነበር፤ ማንም አልተቀበላትም። ጦር ውስጥ "ምን ትችላለህ?" ሲሉኝ "ዕቃ መክፈት" አልኩ፤ የመገናኛ ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ መደቡኝ። እዚያ ነው በወጉ የተማርኩት። ዕድሜ ሰጥቶኝ በሁለት እግሬ ተመለስኩ፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ የሰው ዕቃ መጠገን ነው።

ይኸው ደንበኛ ይመጣል፤ የጨሰ ቴፕ፣ የሚጮህ ቴሌቪዥን ይዞ። "ማን ከፍቶት ነበር?" እላለሁ። "ማንም አልነካውም!" ይላል፤ የብሎኑ ጥርስ በቢላዋ ተበልቶ እያየሁት። እናንተም እንደዚያ ብላችሁ የምታውቁ አትጠፉም፤ እኔ ዘንድ መጥታችሁ ከሆነ ደግሞ አውቄባችኋለሁ። አልቆጣም። በምን አፌ? ዝም ብዬ እሠራለሁ። አንዳንዴ ግን ሲመሽ፣ ትከሻዬ ሲዝል፣ ከዕቃው በላይ የሚያደክመኝ ያቺ "ማንም አልነካውም" የምትባለዋ ነገር ናት። ችግሩን ለማግኘት አምስት ደቂቃ የሚበቃውን እሷ ሦስት ቀን ታደርገዋለች። አንዳንዱን ደግሞ ከሦስት ቀንም በላይ ታስኬደዋለች።

ከቀበሌው በወጣሁ ማግስት ግን ከሁሉ በፊት ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሱቁ ክፍት ነው፤ መደርደሪያው ባዶ። በታሰረባቸው ቀናት ደንበኛው ሁሉ ፈርቶ፣ የተጠገነውንም ያልተጠገነውንም ራዲዮውን ከእትዬ ራህመት እጅ እየተቀበለ ወስዷል። ጋሽ ሸምሱ መነጽሩን አውልቆ በባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ለየትኛው?"

"ለ... ለቆርቆሮው።"

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ አደረገው።

"ቆርቆሮውን ትቼልሃለሁ፤ ልጅነት ነው። ስሜንም ስለጠራህ አልቀየምህም፤ ሣጥኑን ሠርቻለሁ፣ እውነት ነው። አርብ ዕለት ግን በመስኮት ዓይን ዓይንህን እያየሁ ጠየቅኩህ፤ 'ሲፈጠርም አልነበረውም' አልከኝ። እሱን ይቅር ለማለት ገና ነኝ ልጄ። አትቸኩልብኝ።"